ያጠረው የጭስ ቱቦ

አባቴ ገንዘብ ከሚያወጣ ጥርሱን ቢያወልቁት የሚመርጥ ሰው ነበር። በደርግ ጊዜ ደባርቅ ላይ የራሳቸው የጭነት መኪና ከቀራቸው ጥቂቶች አንዱ ነው፤ መኪናዋ ቤንዚን የምትጠጣ አሮጊት ናት። አንድ ክረምት ሊማሊሞ ላይ ድንጋይ ሆዷን መታና ማርሚታዋ፣ ጭሱን ወደ ኋላ የሚወስደው ቱቦ ከነድምፅ ማፈኛው፣ ተቀድዶ ወደቀ። ከዚያ በኋላ ስትነሳ ከተማው ተኩስ የተከፈተ ይመስለው ነበር። በዚያ ዘመን ወታደር ባለበት ኬላ እንዲያ እየጮኹ መድረስ ደግ አይደለም።

አዲስ ማርሚታ ጎንደር ይገኛል፤ ግን ፈቃድ ይፈልጋል፣ ፈቃዱም እጅ መንሻ። ገደል ከገባ መኪና ላይ የሚፈታም ነበር፤ ባለቤቱ ዋጋ ሲጠራ አባቴ ተሳድቦ ሄደ። የቀረው ዳባት ዳር ያለው ቀጥቃጭ ነው። አገሩ ሁሉ ማረሻና ማጭዱን ከእሱ ይወስዳል፣ ቡዳ ነው ይሉታልና ቤቱ እህል የሚቀምስ ግን የለም። አባቴ "እሱ የሰጡትን ነው የሚቀበል" ብሎ ወደዚያው ነዳ።

እኔም አብሬ ሄድኩ፤ እግረ መንገዳችንን ታላቅ እህቴን ልናመጣ ነው። ዳባት ተድራ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች፤ እንደ ወጉ እናቷ ቤት መጥታ ልትወልድ ቀኗ ደርሷል።

ቀጥቃጩ ከውሃ ቱቦ ቁራጭና ከዘይት ቆርቆሮ አንድ ነገር አበጅቶ በሽቦ አሰረው። ጩኸቱ ጠፋ።

"ጌታዬ፣ ቱቦው እስከ ኋላዋ ጫፍ አላደረሰልኝም፤ ከጭነቱ ወለል ሥር ቀርቷል። ትንሽ ብረት ቢያመጡልኝ እቀጥለው ነበር" አለ።

"እሷ ዝም ካለችልኝ ጭሱ የትም ይውጣ!" አለ አባቴ።

እህቴን ከቤቷ ይዘን ስንነሳ ጋቢናውን ደባርቅ አድርሱኝ ያለ የወረዳው ካድሬ ያዘው። ዝናብ ስለነበር እህቴን ከጋቢናው ጀርባ፣ ጥጉ ላይ፣ በጤፍ ጆንያ ላይ አስተኛናትና ብርድ እንዳያገኛት ሸራውን አወረድንባት። እኔ ከኋላ፣ ሸራው በሚገለጥበት በኩል ተቀመጥኩ። መንገድ ላይ ራሴን ያመኝ ጀመር፤ የመኪናው መንገጫገጭ ነው አልኩ። ደባርቅ ደርሰን ስንጠራት አልነቃችም።

ደጅ አውርደን ስናስተኛት፣ ነፋሱ ሲነካት ዓይኗን ገለጥ አደረገች። ምነው እዚያው በተውናት! ጎረቤቶች የት እንደዋልን ጠየቁ፤ አባቴ "ቀጥቃጩ ቤት" አለ። "በላት!" ተባለ። ቤት አስገብተው በሩን ዘጉ፣ በጋቢ አከናነቧት፣ ፍም አቅርበው መድኃኒት አጨሱባት። ቡዳ የያዘው ሰው የሚታጠነው እንዲህ ነው፤ ቡዳው እስኪለፈልፍ ጭሱ ይጨመራል።

"ማነህ? ከየት ያዝካት?"

"ክፈቱልኝ፣ አየር" አለች እህቴ።

"እሷ አይደለችም፣ እሱ ነው የሚናገር! ጨምሩበት!" አሉ የክርስትና እናቷ።

አባቴ በሩን ተደግፎ ቆሞ ነበር። አልከፈተውም። እህቴ ልጇን በሆዷ እንደያዘች ሞተች።

ከቀብሩ በኋላ የሰፈሩን ጎረምሶች ለበቀል ዳባት ያደረሳቸው አባቴ ነው፤ በዚያችው መኪና፣ ዝናብ እየጣለ፣ ሸራውን ገፎ። የቀጥቃጩን ቤት አቃጠሉ፣ ወናፉን ቀደዱ፣ እሱንና ሚስቱን እየደበደቡ ወደ ቆላ አባረሯቸው። ሲመለሱ ይፎክሩ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ያኔ ልቤ ረክቶ ነበር።

ከተዝካሩ በፊት አባቴ ጎንደር ደርሶ መጣ። መኪናዋ ደጃችን ስትቆም ጭሱ ከኋላዋ ወደ ውጭ ሲበተን አየሁ። ጎንበስ ብዬ ተመለከትኩ። በቀጥቃጩ ቱቦ ጫፍ ላይ አዲስ ብረት ተበይዶ ተቀጥሏል። ቀጥቃጩን "ጭሱ የትም ይውጣ" ያለው ትዝ አለኝ።

"አባባ፣ ይህን ለምን አስቀጠሉት?"

ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

"ሰው ነው እኮ የምጭንባት" አለ።