የጋሼ ሽኩር ቧንቧ

ጋሼ ሽኩር በልጅነታቸው ከወሎ መጥተው አውቶቡስ ተራ ሸክም ተሸክመዋል። ኋላ ጭድ ተራ ጭድ ነገዱና በሃያ ዓመት ስድስት ክፍል ቤት ሠሩ። ጭቃውን ራሳቸው ረግጠው፣ የውሃውን መስመር ከዋናው መንገድ ራሳቸው ቆፍረው ያስገቡ ሰው ናቸው። በስልሳ ሰባት የትርፍ ቤት አዋጁ ሲታወጅ የሚኖሩባቸው ሁለት ክፍሎች ቀሩላቸው፣ አራቱ ተወረሱ። እኔ ከአራቱ የአንዷ ተከራይ ነበርኩ። አዋጁ በሬዲዮ ሲነበብ እልል ብያለሁ፤ ለምን እዋሻለሁ። እሳቸው ግን አንድ ቀን እንኳ ፊታቸውን አላጠቆሩብኝም።

በሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ከግድግዳዬ ሥር ያለው የግቢው ውሃ መዝጊያ፣ ሳራቺኔስካ የምንለው፣ ከአንገቱ ማፍሰስ ጀመረ። ውሃው ወደ ውስጥ እየሰረገ ግድግዳዬን ከሥር በላው። ጭቃው እየተቆረሰ አልጋዬ ላይ ይወድቃል። ዝናቡ ከተጨመረበት ቤቱ ከነጣሪያው እላዬ ላይ እንደሚወርድ ማንም ያየዋል። የተወረሰ ቤት የሚጠግነው ቀበሌ ብቻ ስለሆነ ሦስት ጊዜ በጽሑፍ አመለከትኩ። ሊቀመንበሩ ጓድ አሸብር "ኮሚቴው ያየዋል" ይለኛል። ኮሚቴው ከስብሰባ ተርፎ ቧንቧ የሚያይበት ጊዜ አልነበረውም።

ቢቸግረኝ ጋሼ ሽኩር ደጅ ሄድኩ።

"ጋሼ፣ እባክዎ፣ እርስዎ ያውቁበታል። ቤቱ ሊወድቅብኝ ነው።"

"አውቅበታለሁ። ግን ሠርኬ፣ እኔ ከነካሁት ሌላ ነገር ይሆናል።"

"ማን ያያል? የመጣ ቢመጣ እኔ ነኝ የለመንኳቸው እላለሁ።"

ይህን በገዛ አፌ ብያለሁ።

በማግስቱ ጠዋት መፍቻ ይዘው መጡ። መዝጊያውን እስከ መጨረሻው አጠበቁ፣ የአንገቱን ብሎን ፈቱ፣ ያረጀውን ማሸጊያ አወጡና በሞራ የተለወሰ ቃጫ ጠምጥመው መልሰው አሰሩት። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ከሄዱ በኋላ በጣቴ ነካሁት፣ ደረቅ ነው። ግን አንድ የአብዮት ጥበቃ በበሩ ሲያልፍ አይቷቸው ኖሯል።

እሑድ በቀበሌው ስብሰባ ላይ አቆሟቸው። አሸብር አባቱ የሚሆኑትን ሰው አንተ እያለ፣ "የሕዝብ ንብረት በማን ፈቃድ ነካህ?" አላቸው።

ጋሼ ሽኩር ቆባቸውን አውልቀው፣ "ቧንቧዬ ፈሰሰ፣ ጠገንኩት። ምን ክፋት አለው?" አሉ።

ቧንቧዬ። ሃያ ዓመት የለመደ አፍ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ አዳራሹ ተንጫጫ። አድኃሪ ነው አለ አንዱ። አከራይነቱ አልወጣለትም አለ ሌላው። ጋሼ ሽኩር የእኔን ስም ቢጠሩ ነገሩ ይቀልላቸው ነበር፣ አልጠሩም።

አሸብር ወደ እኔ ዞረ። "ጓድ ሠርኬ፣ ያንቺ ቤት ሥር ነው። ቧንቧው ይፈስ ነበር? አንቺ ነሽ ሥራልኝ ያልሽው?"

ሦስቱም ማመልከቻዎቼ እሱ መሳቢያ ውስጥ ነበሩ። እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። አዎ ብል ከእሳቸው ጎን እንደምቆምና ቤቴንም እንደማጣ ታየኝ። ጋሼ ሽኩር ቀና ብለው አላዩኝም።

"አላየሁም" አልኩ። "ገበያ ነበርኩ።"

ሦስት ወር ታሰሩ። ባለቤታቸው ሁሪያ ክረምቱን ሙሉ በዝናብ ስንቅ ስታመላልስ በደጄ ታልፋለች፣ ሰላም አትለኝም። እኔ ደረቅ ቤት ውስጥ ተኝቼ ከረምኩ። ፈሪ ነበርኩ፣ ሌላ ስም የለውም።

የተፈቱ ዕለት ጎረቤት ሁሉ እንኳን አስፈታዎ ሊል ሲገባ እኔም ገባሁ። እግራቸው አብጧል። ይሰድቡኛል ብዬ ነበር፣ ቢሰድቡኝም ይቀለኝ ነበር።

"ግድግዳሽ ደረቀ?" አሉኝ።

"ደርቋል፣ ጋሼ።"

"አልሐምዱሊላህ" አሉና ያበጠ እግራቸውን ሰብስበው አጠገባቸው ቦታ ለቀቁልኝ። መቀመጥ አቃተኝ።