የታንካማኒ ድምፅ

ደብዳቤው የመጣ ዕለት አቹታን ማሽ ጓሯቸው ውስጥ የወደቀ የኮኮናት ዝንጣፊ እየለቀሙ ነበር። አርባ ዓመት ፊዚክስ ስላስተማሩ የመንደሩ ሰው ሁሉ «ማሽ» ይላቸዋል፤ መምህር እንደማለት ነው። የአንድ ትልቅ ኩባንያ ጠበቆች ሦስት ገጽ ሙሉ ቢጽፉም ነገሩ አጭር ነበር፦ ለዓይነ ስውራን ጽሑፍ የሚያነበው ፕሮግራማችሁ ውስጥ ያለው የሴት ድምፅ ንብረትነቱ የእኛ ነው፤ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ከኢንተርኔት አውርዱት፣ ያላችሁንም ቅጂ ሁሉ አጥፉ፣ አለዚያ ፍርድ ቤት እንገናኝ።

ድምፁ የታንካማኒ ነው። ታንካማኒ የማሽ ሚስት ነበረች፤ ከሞተች አራት ዓመት ሆናት።

ዓይን ያወጣ ሌብነት ነው፤ ሌላ ስም አላገኘሁለትም። ማሽና ጓደኞቻቸው ከአሥራ ስድስት ዓመት በፊት ፕሮግራሙን የሠሩት በነጻ እንዲታደል ብለው ነው። የፈለገ ይወስደዋል፣ ያሻሽለዋል፣ ለሌላው ያካፍለዋል፤ የተከለከለው የራስ አድርጎ መቆለፍ ብቻ ነው። ድምፁን የቀረጹት እዚያው ማሽ ቤት፣ የሩዝ ጆንያ በሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ነበር። ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ሰቅለው፣ ታንካማኒ በዚያ ሙቀት ሦስት ሳምንት ሙሉ ላቧ እየተንጠፈጠፈ አነበበች። ዛሬ በደቡብ ሕንድ፣ በኬራላ፣ ስንት ዓይነ ስውር ጋዜጣውንም፣ የባንክ መልእክቱንም በእሷ አንደበት ነው የሚሰማው። ማሽም ከምሳ በኋላ ኮምፒውተራቸውን ይከፍቱና የአየር ትንበያ ያስነብቧታል። ዝናቡን እኮ በመስኮት ማየት ይችሉ ነበር።

ከደብዳቤው ወዲህ እህል አልወርድ አላቸው። ፕሮግራሙን አሁን የሚንከባከበው የቀድሞ ተማሪያቸው ጂኔሽ ነገሩን እንዲህ ያለ ነጻ ፕሮግራም ለሚሠሩት ሰዎች ማኅበር ጻፈ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው፤ በሁለት ቀን ውስጥ ከየከተማው በሺህ የሚቆጠር ሰው «እስቲ ከእኔ ቤት መጥተው ያጥፉት» እያለ ድምፁን ወደየኮምፒውተሩ ገለበጠ። አንዲት ጠበቃ ያለ ክፍያ ልቁምላችሁ አለች። ግን ፍርድ ቤት በሆይ ሆይታ አያምንም፤ ታንካማኒ ድምፅዋን ለሁሉም መስጠቷን የሚያሳይ ማስረጃ አምጡ አለቻቸው።

ማስረጃውስ ነበር። በማኅበሩ ደንብ፣ ድምፁን የሚለግስ ሰው ንባብ ከመጀመሩ በፊት ስሙን፣ ቀኑንና ለማን እንደሰጠ በራሱ አፍ ይናገራል። ያ ክፍል በኋላ ከፕሮግራሙ ተቆርጦ ይወጣል እንጂ አይጣልም።

ጂኔሽ ሳይነባን ይዞ ማሽ ቤት መጣ። ሳይነባ ዓይነ ስውር ናት፤ ትምህርቷን ሁሉ የተማረችው በታንካማኒ ድምፅ ስለሆነ በአካል ሳታውቃት እንደ ታላቅ እህቷ «ቼቺ» ትላታለች።

«ማሽ፣ ያልተቆረጠው ቅጂ የት ነው ያለው?» አለ ጂኔሽ።

«ቁም ሳጥን ውስጥ።»

«ታዲያ ምን እንጠብቃለን?»

«አልሰማውም፣ ጂኔሽ። ፕሮግራሙ ላይ ያለችው አንባቢ ናት፤ አየሩን ትነግረኛለች፣ እሱን እችለዋለሁ። እዚያ ውስጥ ያለችው ግን ሚስቴ ናት።»

ጂኔሽ ሊሄድ ተነሣ። ሳይነባ ግን ዝም የምትል ሴት አይደለችም።

«እኔ ኮሌጅ እያለሁ ርእሰ መምህሩን በቼቺ አፍ ስንቴ እንዳሰደብኳቸው ያውቃሉ? ስድቡን እጽፍላታለሁ፣ እሷ ደግሞ በጨዋ ደንብ ታነበዋለች።»

ማሽ ሳያስቡት ሳቁ።

«እርስዎ ሐዘንዎን ሲያስታምሙ ኩባንያው ሊወስድብን ነው፣ ማሽ» አለች፣ አሁን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እርስዎ ፎቶዋም አለዎት። እኔ ያለችኝ በጆሮዬ ብቻ ነው።»

ማሽ ተነሥተው ቁም ሳጥኑን ከፈቱ።

እሑድ በመንደሩ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አርባ ያህል ሰው ተሰበሰበ። ጠበቃዋም ነበረች። ጂኔሽ ቅጂውን ከፈተው፤ መጀመሪያ የማራገቢያ ድምፅ፣ ቀጥሎ ታንካማኒ። ስሟንና ቀኑን ተናገረች። «ይህን ድምፄን ለሁሉም ሰጥቻለሁ። የወሰደ ሰው ሌላውን አይከልክል» አለች። ጠበቃዋ ራሷን ነቀነቀች፤ የፈለገችው ይሄንኑ ነበር።

ቅጂው ግን አላለቀም። «ጨረስሽ?» ይላል የማሽ ድምፅ፣ የዛሬ አሥራ ስድስት ዓመቱ።

«አልጨረስኩም። ማሽ ከእኔ በኋላ ሌላ ካገቡ ድምፁን ከእሷ ይቅረጹ። እኔ ለጣውንቴ አላነብም።» ከዚያ ሳቀች። ትን እስኪላት ድረስ ሳቀች፣ ማሽም «ተይ እንጂ፣ እየተቀረጸ ነው» ይላሉ፣ እሷ ግን አትሰማም።

ጠበቃዋ ቅጂውን ከላከች ከአሥር ቀን በኋላ ኩባንያው በሁለት መስመር ደብዳቤ ጥያቄውን ተወው። ይቅርታ የሚል ቃል አልነበረበትም። በዚያ እሑድ ግን ይህን ማንም አላወቀም።

«አሥራ አምስት ዓመት ሰምቻታለሁ» አለች ሳይነባ፣ «ስትስቅ ግን ሰምቻት አላውቅም።»

ማሽ በፎጣቸው ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ጂኔሽ» አሉ፣ «ሳቋንም ጨምርበት። እሱንም ሁሉም ይውሰደው።»