ዋቅቶላና የባሕር ወፎቹ እንቁላል

ዋቅቶላ ከቁስቋም በታች ዶሮ እያረባ፣ እንግዳ እያስጎበኘ የሚኖር የጉለሌ ሰው ነው። ባሕርን ያየው ገና ዘንድሮ ነው። ከሶሻሊስት አገሮች የመጡ እንግዶች በመርከብ ሲንሸራሸሩ አጅባቸው ተብሎ ምጽዋ ተላከ። ሰው የማይኖርበት ደሴት ድረስ የሚሄዱት ወፍ ለማየት መሆኑን ሲሰማ ግራ ገባው። ወፍ እንደሆነ ቀጨኔም ሞልቷል።

ልቡ ግን ቤቱ ነበር። በመንደር ምስረታ ወለጋ ያለው ጎጇቸው ሲፈርስ እናቱን ጉለሌ አመጣት፤ አልጋውንም ለቀቀላት። እሷ ግን ጠዋት ጠዋት ጓዟን ቋጥራ በር ላይ ትቀመጣለች። እህል የምትቀምሰው ተለምና ነው። እንዲህ ከቀጠለች እንደምትሞትበት ያውቃል። "ምን ጎደለሽ?" ሲላት ጓዟን ወደ ራሷ ትስባለች። ይወዳታል፣ ይናደድባታልም።

ደሴቲቱ ላይ ወፍ አዋቂው ሽበታም ጀርመናዊ እንግዶቹን በመነጽር እያሳየ ወደ ፊት መራቸው። ዋቅቶላ ኋላ ቀረ። ወፎቹ ደንግጠው ሲነሡ እንቁላሎቻቸው ትኩስ ጠጠር ላይ ተጋልጠው ታዩት፤ አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ፣ ሣር እንኳ አልተነጠፈላቸውም። ዋቅቶላ ደግሞ ዝም ብሎ ማየት አይሆንለትም። ዶሮ ሲያስታቅፍ የኖረ ሰው ነውና እንቁላል ተሰብስቦ እንደሚታቀፍ ያውቃል። በአቅራቢያው ያሉትን በባርኔጣው ለቅሞ አንድ ላይ አስቀመጠላቸው። ደግ የሠራ መስሎት ደስ አለው።

ወፎቹ ተመለሱ። እያንዳንዷ የራሷ ስፍራ ላይ አረፈች፤ ክምሩን ዞር ብላ ያየች የለችም። አንዷ አፏን ከፍታ እያለከለከች ባዶውን ጠጠር በክንፏ ከፀሐይ ከለለችው።

ጀርመናዊው ሮጦ መጣ። "ከየት ከየት ነው ያነሣሃቸው?"

ዋቅቶላ ዙሪያውን ተመለከተ። ጠጠሩ ሁሉ አንድ ነው።

"እንቁላሎቹ አጠገባቸው አይደሉ እንዴ?" አለ ግራ ገብቶት።

"እነሱ የሚያውቁት ቦታቸውን ነው፣ እንቁላሉን አይደለም" አለው ሰውዬው። ፀሐዩ እንቁላሎቹ ላይ ይወርድ ነበር። ዋቅቶላ እንባው መጣበት፤ አፈረ።

ጉለሌ ሲደርስ እናቱ ጓዟን ይዛ እዚያው በር ላይ ናት። እንደ ወትሮው አልተቆጣም፤ አጠገቧ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

"እማዬ፣ ቤቱ እኮ ፈርሷል።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ምን አለና ነው?"

"ቦታው አለ" አለችው።

ገብቶት እንደሆነ እንጃ። ብቻ ተነሥቶ ጓዟን ተሸከመላትና የወለጋን መንገድ ያዙ።