እናቴ የጠለፈችው ወንዝ

ባለፈው ሳምንት ወናጎ ገበያ ውስጥ ገና ያልደረቀ ቃጫ የተሸከመች ሴት አጠገቤ ስታልፍ፣ ያ ጎምዘዝ ያለ የእንሰት ሽታ እግሬን ያዘኝና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ ግቢያችን ውስጥ ቆምኩ።

ያን ክረምት የሰፈራችን ሴቶች ዲላ ከተማ አዳራሽ የሚሰቀል አንድ ትልቅ የቃጫ ምንጣፍ አብረው ይሠሩ ነበር። እያንዳንዷ የተወለደችበትን ቦታ ቀለም በተነከረ ቃጫ ትጠልፋለች፤ አንዷ ትክል ድንጋዮቿን፣ አንዷ የቡና ጥላ ዛፎቿን፣ ሌላዋ ደግሞ እሷ ዝሆን ነው እያለች የምትምልለትን፣ ሁላችንም ግን በግ የመሰለንን እንስሳ። የባንኮ ጎቲቲ መንደር ልጅ የሆነችው እናቴ በአባቷ ጓሮ የሚያልፈውን ወንዝ ጀመረች። አገሯን ካየች ስድስት ዓመት አልፏት ነበር።

በሦስተኛው ቀን አባቴ፣ "ከእንግዲህ ከዚህ አጥር ውጪ እግርሽን እንዳላይ" አላት። ሚስት ቤት ለቤት ስትዞር ሰው ምን ይላል ባይ ነበር። እናቴ እንሰት ወደ መፋቋ ተመለሰች። የሴቶቹ ሳቅ በአጥሩ ላይ ባለፈ ቁጥር ግን የምትፍቅበት እጇ ቀጥ ይል ነበር።

ከአራት ቀን በኋላ ስምንት ሴቶች የተጠቀለለውን ምንጣፍ እንደ ግንድ ተሸክመው ከተፍ አሉ። ጎረቤታችን እማማ አየለች ከፊት ሆነው፣ "አቶ በየነ፣ እሷ አትውጣ አልክ እንጂ እኛ አንግባ አላልክም" አሉት። አባቴ ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ። ምንጣፉ ከደጃፍ እስከ እንሰቱ ግቢውን ሞላው፤ እናቴም ሳምንቱን ሙሉ ተንበርክካ ሰማያዊ ቃጫ ስትጠልፍ ሰነበተች።

ምንጣፉ ሲሰቀል ዲላ እንድትሄድ ግን አባቴ አልፈቀደላትም። እኔን ከሴቶቹ ጋር ስትልከኝ፣ "ደህና አድርገሽ እይልኝ" አለችኝ።

የአዳራሹ ግድግዳ አጭር ኖሮ የምንጣፉን የታችኛውን ጠርዝ ወደ ኋላ አጥፈው በሚስማር መትተውታል። ወንዙ እጥፋቱ ውስጥ ነበር። ልገልጠው ስል ዘበኛው፣ "አትንኪ!" ብሎ ጮኸብኝ።

ስመለስ እናቴ ከበሩ ወዲህ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር።

"ወንዜንስ ሰው አየው?"

"ሁሉም እሱ ጋ ነበር የሚቆሙት" አልኳት።

አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። ከዚያ ወዲያ ደጋግማ እንድነግራት ትጠይቀኝ ነበር፤ እኔም በየጊዜው ሰው እጨምርላት ነበር፦ አንድ አስተማሪ፣ አንዲት ሙሽራ፣ ወንዙን አውቀውት ያለቀሱ የባንኮ ሽማግሌ።

እናቴ ካረፈች አራት ዓመት ሆናት። ምንጣፉም አዳራሹ ሲታደስ የት እንደገባ የሚያውቅ አላገኘሁም። አምና ባንኮ ወርጄ ወንዙን አየሁት። በአንድ እርምጃ የምሻገረው ውሃ ነው። እሷ ግን ምንጣፉ ላይ ሁለት ክንድ አስፍታ ነበር የጠለፈችው።