የገመዱ ዘበኛ

ወንድሜን የመቱት ሽንፋ ኬላ ላይ ነው፤ በደርግ ጊዜ። ከሱዳን፣ ከገላባት ያመጣትን አንዲት ጆንያ ስኳር ሚሊሻው ሊወስድበት ሲል "የልጆቼ ናት!" ብሎ አቅፏት ቀረ። ሰደፉ ማጅራቱ ላይ ሲያርፍ ድምፁን ሰምቻለሁ። ደረቅ እንጨት ሲሰበር ታውቁት የለ? እንደዚያ ነው። ከአንገቱ በታች በድን ሆነ። "እጄን የት አደረጋችሁት?" ይለኛል፣ እጁን እኔው ይዤው።

በሰሊጥ መኪና፣ ጭንቅላቱን በሁለት ጆንያ መካከል አጣብቄ፣ ጎንደር ሆስፒታል አደረስሁት። ሐኪሙ "የአንገቱ አጥንት ተንሸራቶ ሕብለ ሰረሰሩን ተጭኖታል። መጀመሪያ እንስበዋለን፣ ከዚያ እንከፍተዋለን" አለኝ። ከጆሮዎቹ በላይ የራስ ቅሉን ግራና ቀኝ በስተው ብረት አስገቡበት፤ ከብረቱ ላይ ገመድ አሰሩ፣ ከገመዱ ጫፍ ክብደት አንጠለጠሉ። ደሙ በጉንጩ ወርዶ ደርቋል።

አባቴ ከቀያችን ከገለጉ በእግርም በመኪናም ብለው የደረሱት በዚህ ላይ ነው። የጎረቤታችን ልጅ ወፌ ላላ ተሰቅሎ ሲገረፍ በዓይናቸው ያዩ ሰው ናቸው።

"እስከዚህ ተከትለው ይሰቅሉታል!" አሉና ካራቸውን መዘው ወደ ገመዱ።

"አባዬ፣ ይተዉ! ሕክምና ነው!"

"ዞር በይ! አንቺንም ገዝተውሻል?"

ክብደቱ ቢወድቅ አጥንቱ እንደገና ይንሸራተታል፤ ትንፋሹም ሊቆም ይችላል ተብያለሁ። ስለቱን በመዳፌ ጨበጥሁት። እሳቸው ሳቡ፣ እኔም አልለቅ አልሁ። ደሜ ወንድሜ ፊት ላይ ይንጠባጠባል። እሱ መዞር አይችል፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ "አባዬ፣ ገመዱን ከቆረጡት እኔን ነው የሚያርዱኝ" አለ።

ካራው ወለሉ ላይ ወደቀ።

ከዚያ ወዲያ አባቴ የገመዱ ዘበኛ ሆኑ። ጽዳቷ መጥረጊያዋን ወደ ክብደቱ ካስጠጋች "አንቺ ሴት፣ ትነኪውና!" ይሏታል፤ ምስኪኗ በሩቁ ጠርጋ ትሄዳለች።

ኋላ አንገቱን ከፈቱት፤ ከዳሌው አጥንት ወስደው አንገቱ ላይ ተከሉለት። እግሩ ግን ያው ግንድ ነው። ነርሷ ይሰማው እንደሆን ልታይ ጠዋት ጠዋት ውስጥ እግሩን በመርፌ ትወጋዋለች፤ እሱ መወጋቱንም አያውቅ። አባቴ ፊታቸውን ያዞራሉ።

አንድ ቀን የእግሩን አውራ ጣት ስትወጋው "ኧረ ገደለችኝ! እጅሽ ይቆረጥ!" ብሎ ጮኸ። ነርሷ ደንግጣ ወደኋላ አለች። አባቴ ዘለው፣ ካራ በመዘዙበት እጃቸው ክንዷን ያዟት።

"ድገሚ የኔ ልጅ" አሉ፣ እንባቸው በጢማቸው እየወረደ። "ውጊው! ደም እስኪወጣው ውጊው!"