ነፍስ ይማር የተባልኩበት መንገድ

ልጄ ብቻዬን ከቤት መውጣቴን ከጠላች ቆይታለች። «አባየ፣ ዓይንዎ ደክሟል፤ ተረቱን እዚሁ ለልጆቼ ያውሩ» ትለኛለች። እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ በየገበያውና በየሠርግ ቤቱ ተረት ሳወራ የኖርኩ ሰው ነኝ። ባለፈው ቅዳሜ ዘንጌን ይዤ ወጣሁና ወደ ቆላ ድባ የሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

መንገድ ላይ በሬዲዮ አንድ ሰው እኔው የፈጠርኩትን፣ ዳኛውን ያሳፈረችውን መበለት ተረት መተረክ ጀመረ። መጨረሻውን አበላሽቶ ሲያበቃ፣ «ይህን ያቆዩልን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አያ ታከለ ናቸው» አለ።

አያ ታከለ እኔ ነኝ። «ኧረ አልሞትኩም» ብዬ ተነሣሁ።

ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝና፣ «ይቀመጡ አባባ። የማን ቤተሰብ ነዎት? እናድርስዎ?» አለኝ።

ደሜ ፈላ። መታወቂያ ማውጣቱን ናቅሁና ያንኑ ተረት ከነትክክለኛው መጨረሻ አወራሁላቸው። ሾፌሩ ሬዲዮውን ዘጋው፤ ተሳፋሪውም ሁሉ ጆሮውን ሰጠኝ።

ስጨርስ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ሳቅ ያመጣባትን ዕንባ በነጠላዋ ጠረገች። አሁንስ ታወቅሁ ብዬ ወደ እሷ ዞርኩ።

«አያ፣ እርስዎም ሸጋ ያወራሉ» አለችኝ፤ «የሟቹን ያህል ግን አይሆንም።»