ከግድቡ ሥር የተከማቹት ዓሦች

አክስቴ ዕድሜዋን ሙሉ ዓሣ ስትበልት የኖረች ሴት ናት። ምላሷ ከቢላዋ አያንስም። ከገበያው ጥግ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ቆማ ለገዢው "ዓይኑን እየው፤ ካንተ ይልቅ የነቃ ነው" ትለዋለች። ሰውየው እየሳቀ ይገዛል።

በእኛ ወንዝ ደንብ አለ። ዓሣው ሆዱ በእንቁላል ተወጥሮ ሽቅብ ሲወጣ መረብ አይጣልም። ላይ ጠጠሩ ላይ እንቁላሉን ጥሎ፣ ባዶ ሆዱን ሲመለስ ነው የሚያዘው። እርጉዝ አይነካም፤ አለቀ። መመለሱን ደግሞ የምናውቀው በወቅቱ ነው፤ ዝናቡ ካባራ ተመልሷል ማለት ነው።

ወንዛችን ላይ የተሠራው የመብራት ግድብ ባለቀበት ዓመትም ዝናቡ አባራ። አጥማጁ አጎቴ ጀልባውን ይዞ ሲወርድ፣ ከግድቡ ሥር ዓሣው እንደ ጉድ ይርመሰመሳል። ጀልባውን ሞልቶ መጣና "ቢላሽን ሳዪ እህቴ፣ ዘንድሮ ሲሳይ ነው" አላት።

አክስቴ አንዱን ቀደደች፤ እንቁላል። ሌላውን ቀደደች፤ አሁንም እንቁላል፣ ያውም ሆዱ ውስጥ እንዳለ ጠቁሮ የተበላሸ። ክው አለች። አጠገቧ ቅርፊት ስፍቅ የነበርኩት እኔም ደርቄ ቀረሁ። እንዲህ ያለ ነገር አይተን አናውቅም።

"እነዚህ እኮ አልተመለሱም" አለች። "መቼ ሄዱና? ግድቡ ነው ያገዳቸው።"

"እና ምን ይሁን?" አለ አጎቴ።

"እናማ የከርሞውን ነው አጥምደህ የመጣኸው፣ የኔ ብልጥ።"

ፊቱ አመድ መሰለ። ለመብራቱ ሽቦ መንገድ ያወጡት መሐንዲሶች ለዓሣ መንገድ ማውጣት የት ትዝ ብሏቸው! እኔማ በንዴት ጨስኩ።

"ገና ያልተበላሸባቸው ይኖራሉ፤ ከወለዱ ለከርሞ ዘር ይተርፈናል" አለች አክስቴ። ጀልባው ውስጥ ነፍሳቸው ያልወጣውን ውሃ በሞላ በርሜል ከተን፣ በጎረቤት ፒካፕ ግድቡን ዞረን ወጣን።

ላይ ያለው ውሃ ዳርቻው አይታይም። ለቀቅናቸው። "ሂዱ እንጂ፣ ሂዱ" ትላቸዋለች። ዓሦቹ ግን ወዲህ ይዞራሉ፣ ወዲያ ይዞራሉ፤ ፈቀቅ አይሉም።

"ምን ነካቸው?" አልኩ።

"ዓሣ ሽቅቡን የሚያውቀው ውሃው ከፊት ሲገፋው ነው" አለ አጎቴ ድምፁ ሰልሎ። "ይሄ ውሃ የት ይሄዳል? ተኝቷል እኮ።"

አክስቴ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ገባች። ከዓሦቹ ፊት ቆማ ውሃውን በሁለት እጇ ወደ እነሱ ትገፋ ጀመር።